የጃፓኑ ኮረብታ ፕላን

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12፣ ሚካኤል። ጠዋት።

ደብተሬ፣ የስኳሩን መርፌ ተወግቻለሁ። የወጋችኝ የልጄ ልጅ ሜሮን ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። እዚህ በሰው አገር፣ በምንኖርበት ፉሩሴት፣ በረዶው ገና አልሄደም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። አርባ ዓመት ግንበኛ ነበርኩ። ያቆምኩት ግድግዳ አልዘመመም።

ለሜሮን ከጃፓን ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ መጣላት። ዩኒቨርሲቲው መሀል ከተማው ጠብቦት ወደ ዳር ወጥቷል። ኮረብታ ቆርጦ የምርምር ግቢ እየሠራ ነው። ለሦስት ዓመት ይፈልጋታል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚቋቋም ኮንክሪት ልታጠና። መልስ እስከሚቀጥለው ማክሰኞ። ኮራሁ። አልነገርኳትም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 14። ከምሳ በኋላ።

የግቢውን ፎቶ አሳየችኝ። ቀይ አፈር፣ ክሬን። ሸለቆውን በሙሌት አፈር ደፍነውታል። ሙሌት ላይ ቤት? እኔ አልሠራም! ኔይ፣ አይደለም አባባ፣ የእኔ ቤተ ሙከራ አለቱ ላይ ነው አለች። ጫካውን ግማሹን ትተውታል፤ ከታች ያሉት የሩዝ ገበሬዎች ምንጫቸው እንዳይደርቅ። ይህን ወደድኩት። እኛ አገር ግቢ ሲሠራ ገበሬውን ማን ይጠይቃል።

ከዚያ ሌላ ወሬ አመጣች። ቤተ ሙከራው መሠረቱ እንኳ አልወጣም፣ ስለዚህ አልሄድም አለች። እዚሁ ከተማችን፣ ቢየርቪካ፣ የቢሮ ሥራ አለ አለች። 

ቅዳሜ፣ መጋቢት 16፣ ኪዳነ ምሕረት።

ፕላኑን አምጪ አልኳት። ደብዳቤ አላነብም፤ ፕላን ግን አነባለሁ። ፕላን ማንበቤን ረስታዋለች። የእሷ ቤተ ሙከራ ቀይ ክብ አለበት፤ ከኩሬው በላይ፣ ከአውቶቡሱ መንገድ ሦስተኛ። ከዚያ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ። ኩሬው ይኸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጣሪያ አለው። መስኮት አለው። በሩ ላይ ብስክሌት ተደርድሯል። ከመስኮቱ ሥር ዝናብ ጥቁር መስመር አስምሯል። ያ ግድግዳ ቢያንስ ሁለት ክረምት አሳልፏል።

«መሠረቱ ያልወጣው ይህ ነው?»

«አባባ፣ አንተ ደግሞ ፖሊስ ነህ እንዴ!» ሳቀች። ሳቋ አልቆየም።

ዋሸችኝ ብለሽ ጻፊ አልኳት። ይኸው፣ በገዛ እጇ።

ለካ አልሄድም ያለችው በእኔ ምክንያት ነው። መርፌውን ማን ይወጋሃል፣ የኮሙኑን፣ የማዘጋጃ ቤቱን ደብዳቤ ማን ያነብልሃል ትላለች። ኮሙኑ የላከውን ረዳት ሁለቴ ከበር መልሰሃል ትላለች። አዎ፣ መልሻለሁ። የማላውቀው ሰው ሸሚዜን አይገልጥም።

እሑድ፣ መጋቢት 17።

ከቅዳሴ መልስ ጻፊ ከማለት በቀር አላናገርኳትም። ተናድጃለሁ። በእሷ አይደለም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 19፣ ገብርኤል። ጠዋት 3 ሰዓት።

መልሱ ዛሬ ነው። መጀመሪያ ኮሙኑ ጋ ደውዪ አልኳት፤ ፊት ለፊቴ፣ ድምፁን ከፍ አድርገሽ። ደወለች። ረዳቱ ሐሙስ ይጀምራል። ወንድ ነው። አማርኛ አያውቅም። ይማራላ።

አሁን ጃፓኖቹን አልኳት። ኮምፒውተሩን ከፍታ እሺ፣ እመጣለሁ ብላ ጻፈች። ተቀመጠች። እኔን ታያለች። እኔን ምን ታያለሽ፣ መላኪያውን ተጫኚው አልኩ።

ተጫነችው።

ጻፊ፦ ሜሮን ትሄዳለች። እኔ ወሰንኩ አትበዪ፣ እሷ ናት የወሰነችው። እኔ በሩን ብቻ ነው የከፈ… በቃ፣ ብዕሩን አስቀምጪ። ወረቀቱን በእንባሽ አረጠብሽው።