ወደ ደሴቱ ለመሻገር

ሐሙስ

እሺ አልኩ። እንዴት እንዳልኩ አላውቅም። ጎረቤቴ ብርቄ በሩ ላይ ቆማ፣ «እትዬ አስካለ፣ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ጋር ወንጪ ደርሰን መመለሳችን ነው። ዘንድሮም እምቢ ቢሉ አዝዬዎት ነው የምሄደው» አለችኝ።

ስትሄድ መስታወቱ ጀርባ የሸጎጥኳትን የጋዜጣ ብጣሽ አወጣሁ። ድሮ ስኳር የተጠቀለለባት ናት፤ ማንበብ የለመድኩት በእንዲህ ያለ ወረቀት ነው። ተራራው፣ ውስጡ ሐይቁ፣ መሐሉ ላይ ደሴቱ። መጨረሻዋ «ወደ ደሴቱ ለመሻገር ዋና» ይላል። ከዚያ ተቀዷል።

እኔ ደግሞ ዋና አልችልም። በየዓመቱ የምቀረው በዚህ ነው። ለማንም አልተናገርኩም።

ዓርብ

በሕልሜ ሐይቁ ኮልፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ፌርማታው ውሃ ውስጥ ገብቷል፤ ሰዉ ግን ዝም ብሎ ታክሲ ይጠብቃል።

የያዝኩት፦ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ጋቢ፣ ፎጣ። ፎጣው ለምን እንደሆነ እንጃ። ዳር ቁጭ ብዬ ደሴቱን ባየው ይበቃኛል።

አይበቃኝም።

ቅዳሜ ማታ

ጎህ ሲቀድ ከአየር ጤና ተነሳን። አፋፉ ላይ ስንደርስ ጉም ብቻ ነበር። ቀስ እያለ ሲገለጥ ሐይቁ ከሥራችን ታየ።

በፈረስ ወረድን። እኔ ዳር ላይ ጋቢዬን አንጥፌ ተቀመጥኩ።

«ምነው?» አለች ብርቄ።

«ዋና አልችልም።»

«ማን ዋኙ አለዎት?»

ብጣሿን ሰጠኋት። አነበበችና ሳቋ ከተራራው ተመልሶ መጣ። «እትዬ! ዋና ጠበቅ ብሎ ነው እኮ የሚነበበው! ዋና መጓጓዣው ጀልባ ነው ሊል ነው! ፎጣውም ለዚህ ነው?»

ባለጀልባው፣ «ይግቡ እናቴ፤ እዚህ የደሴቱ ቄስም በጀልባ ነው የሚሻገሩት» አለኝ።

ሳቅሁ፤ ዓይኔ ግን እንባ ሞላ። ፎጣው ያኔ ጠቀመ።

እስክንደርስ እጄን ከውሃው አላወጣሁም። ደሴቱ ላይ ወርጄ ወደመጣሁበት ዳር ዞር ስል፣ ጋቢዬን እዚያው እንደተነጠፈች አየኋት። ከሩቅ የተቀመጠ ሰው ትመስላለች።

እሁድ

እንደዚያችው ያጠራቀምኳቸውን ሌሎች የጋዜጣ ብጣሾች አልጋው ላይ ዘረጋሁ። ስንቱን እንዲህ አንብቤው ይሆን?

አንዷ ስለ ሌላ ተራራ ናት። «ለመውጣት ጊዜው ገና ነው» ትላለች፤ ከላይም ከታችም ተቀዳለች። እኔ ጠበቅ አድርጌ አንብቤ በዓሉን መስሎኝ፣ በዚያ ብርድ ማን ተራራ ይወጣል ብዬ ትቼው ነበር። የትኛው ልክ እንደሆነ ብርቄም አታውቅ ይሆናል።

ላላ አድርጌ ደግሜ አነበብኳት።

ጊዜው ገና ነው።