ለሦስቱ ወንድሞቻቸው ሞት መልስ ያገኙት አክስቴ

አክስቴ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከእናታቸው በ1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ተከታዮቻቸው ሦስት ወንዶች ዓመት ሳይሞላቸው፣ አንጀታቸው እየታመመና ቆዳቸው እየተላጠ ሞቱ። ጎረቤት «ወተቷ ነው የፈጃቸው» ሲል አያቴ አመኑ። እናቴ በ1958 ስትወለድ ጡት ሊሰጧት ፈርተው ነበር።

አክስቴ ትምህርታቸውን በማዕረግ ጨርሰው በ1968 በሆስፒታል ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ። በ1972 የሒሳብ መምህር አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ከጥንቃቄ ብዛት የጨው ዕቃ ላይ እንኳ የተከፈተበትን ቀን ጽፈው ይለጥፉ ነበር፤ ባለቤታቸው «አንድ ቀን እኔም ላይ ትለጥፍብኛለች» እያሉ ያስቁን ነበር።

የሰውነታችንን ተከላካይ ሕዋሳት «ይበቃል» ብሎ የሚያስቆም፣ ሌሎች ጂኖችን የሚያበራና የሚያጠፋ ፕሮቲን አለ። እሱ ሲበላሽ ተከላካዮቹ የገዛ አካላችንን ያጠቃሉ። አክስቴ የሚያጠኑት ይህንኑ ነበር። በ1995 እኔ ተወልጄ በሦስት ወር ዕድሜዬ ያው ሕመም ሲጀምረኝ፣ በዚህ ፕሮቲን ጂን ላይ ስህተት አገኙብኝ። ለማነጻጸሪያ በቀረበው ጤነኛ ደምም ውስጥ ያው ስህተት ስለታየ ግን፣ ጉዳት የለውም ብለው ተዉት። አምስት ወር ሌላ ሌላውን ሲፈልጉ እኔ አጥንቴ ብቻ ቀረ።

የማነጻጸሪያውን ደም ሁልጊዜ የሚሰጡት ራሳቸው አክስቴ ነበሩ። አንድ ማለዳ ጉንፋን ይዟቸው ሲገቡ ደም ቀጂው «እትዬ፣ ዛሬስ አልነካዎትም፤ የእኔን እንውሰድ» አላቸው። በእሱ ደም ውስጥ ስህተቱ አልነበረም፤ ለካ ጤነኛ በተባለው ደም የታየው የአክስቴ የራሳቸው ስህተት ኖሯል። ሴቶች የዚህ ጂን ሁለተኛ ደህና ቅጂ ስላላቸው ተሸክመውት በጤና ይኖራሉ፤ ወንዶች ግን ያለን አንድ ብቻ ነው።

ነጭ ጋውናቸውን ሳያወልቁ ወደ አያቴ ሄዱ። «እማዬ፣ ወተትሽ ምንም አላደረገም። በዘር የመጣ ነው፤ እኔም አለብኝ» አሏቸው። አያቴ በአርባ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሦስቱን ልጆቻቸውን ስም ጠርተው አለቀሱ። እኔም ሕመሜ በመታወቁ ውጭ አገር የአጥንት መቅኔ ተቀይሮልኝ ዳንኩ።

አክስቴ በልብ ድካም ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ72 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ እህታቸውና የልጅ ልጆቻቸው አሉ። ፈጣሪ ለደከመች ነፍሳቸው ሰፊ ዕረፍት ይስጥልን።

ከእኔ በኋላ በቤተሰቡ ሦስት ወንዶች ተወልደዋል፤ ሁሉም ገና ሲወለዱ ተመረመሩ፣ ሕመሙ የተገኘበት አንዱም በጊዜ ታከመ። ዛሬ ሣጥናቸውን የምንሸከመው እኛ አራታችን ነን።