የደጀን ድንጋይህና ጾመኛዋ ዓሣ

ይቤ፣ የኔ ዝምተኛ፣

ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። የሙት ዓመት ተዝካርህን በደንብ አውጥቻለሁ፤ ጎረቤቱ ሁሉ መርቆ ነው የሄደው። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ድግሱ አይደለም። ሳሎኑ ጥግ ባዶውን ትተኸው የሄድከው የመስታወት ገንዳ አሁን ዓሣ አለበት። የሞላሁትም ራሴ ነኝ!

ወንድምህ ሊሸጠው ፈልጎ ነበር። የማርቆስ ብርድ እንኳን ለሞቃት አገር ዓሣ ለሰውም አልሆነ አለኝ። እልህ ያዘኝ። መስታወቱ ላይ የለጠፍከውን ቁጥር አይቼ አዲስ አበባ ላለው ዓሣ ሻጭ ደወልኩ። አንተ የተመኘሃቸው ቢጫዎቹ የማላዊ ሐይቅ ዓሦች፣ ሲክሊድ የሚባሉት፣ የኖራ ድንጋይ ያለበት ውኃ ይስማማቸዋልና ድንጋይ ደርድሪበት አለኝ። ከየት ላምጣ ስለው ሳቀ። ለባልሽ ለይበልጣል ከሁለት ዓመት በፊት ነግሬው ከደጀን እያመጣ አልነበረም እንዴ አለኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ስንቱን ቀን እንደጨቀጨቅኩህ ትዝ ይልሃል? ከመንገድ በተመለስክ ቁጥር ከጭነት መኪናህ ነጭ ድንጋይ እያወረድክ ጓሮ ትከምራለህ። የሰው ባል ማንጎ ይዞ ሲገባ የኔው ድንጋይ ይዞ ይገባል እያልኩ ሰው አሳቅሁብህ። ምን ሊሆንህ ነው ስልህ ፈገግ ብለህ ታልፈኛለህ። አፍህ ውስጥ ውኃ ይዘሃል ወይ እልህ ነበር። ይቅር በለኝ። አንድ በአንድ በብሩሽ አጥቤ፣ ዋሻ ዋሻ አስመስዬ ደረደርኳቸው።

መጀመሪያ ላይ ተሳስቻለሁ፣ አልዋሽህም። ውኃው ከነማጣሪያው ለሳምንታት ያለ ዓሣ መቆየት እንዳለበት ሻጩ ነግሮኝ ሳለ ቸኩዬ በሳምንቱ አስገባኋቸው፤ ሦስቱ ሞቱ። ሁለተኛውን ጊዜ ወር ከምናምን ጠበቅሁ። እኔ፣ ሻይ እስኪፈላ የማልታገሠው!

ነሐሴ ሲገባ ደግሞ አንዷ መብላት አቆመች። አፏን ግጥም አድርጋ ዘግታ ከድንጋይህ ሥር ተወሸቀች። ጎረቤታችን እትዬ ስንዱ ፍልሰታን እየጾመች ነው ብለው ቀለዱ። እኔ ግን ፈራሁ፤ አንተም መጀመሪያ ያቆምከው መብላት ነበር። ሻጩ ጋ ስደውል እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው፣ ልጆቿ እስኪጠነክሩ አትበላም አለኝ። ውኃው እንዳይቀዘቅዝባት፣ እንዳትደነግጥም፤ ከደነገጠች ትተፋቸዋለች ብሎም አስጠነቀቀኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ዝናቡ ይወርዳል፣ የውኃው ሙቀት ይወርዳል። ጋቢህን ከሳጥን አወጣሁ። ካረፍክ ወዲህ ነክቼው አላውቅም፤ ሽታህ እንዳይጠፋብኝ ነበር። ገንዳውን በእሱ ጠቀለልኩት፣ ብርድ ልብስ ደረብኩበት፣ አየር መስጫውን በባትሪ አስነሣሁ። መብራት እስኪመጣ አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እንደምትተርፍ ግን እርግጠኛ ነበርኩ። ጋቢህ አሁን የሚሸተው የዓሣ ውኃ ነው፤ አልቆጨኝም።

ጾሙ ተፈታ፣ እሷ ግን አልፈታችም። ከሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ሳይ፣ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ቢጫ ልጆች ከድንጋይህ መሀል ይርመሰመሳሉ። ጠጋ ስል እየተሽቀዳደሙ ተመልሰው አፏ ውስጥ ገቡ። ደጅ ወጥቼ ጮኼ ወንድምህን ጠራሁት። አሁን በየቀኑ እየመጣ የሚያበላቸው እሱ ነው፤ ስለ ብርዱ አንድ ቃል አይተነፍስም።

ዝምታህን ስንት ዓመት እንደ ኩርፊያ ቆጠርኩት። ለካ ይዘህልኝ የነበረው ይህንን ነው።

እሷ ልጆቿን ያቆየቻቸው አፏን ዘግታ ነው። እኔን ታውቀኛለህ፣ አልችልበትም። ቤታችን የገባ ሁሉ ይህ ነጭ ድንጋይ ከየት መጣ ማለቱ አይቀርም፤ በጠየቀኝ ቁጥር ስምህን ጠርቼ ከደጀን እጀምራለሁ። እኔ አንተን የማቆይህ አፌን ከፍቼ ነው።

ያንተዋ ለፍላፊ