ስብከትህ ደርሶናል

ይድረስ ለተከበርከው ሰባኪ ወንድሜ፤ እንዴት ሰነበትክ? እኛ፣ አንተ ባትጠይቅም፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለን።

ስለ ደካሞች የሰበክበትን ቅጂ ከእማዬ ጋር ሰማነው። «ክርስቶስ ያለው የታመመ ሰው አልጋ ዳር ነው» ስትል ሕዝቡ አጨበጨበልህ። አፈ ቅቤ! አልጋው ዳር ያለሁት እኔ ነኝ። እግሯ ከከዳት ወዲህ ጀርባዋ እንዳይቆስል፣ ስፌቴን እየተውኩ ቀን ከሌት የማገላብጣት እኔ ነኝ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎችማ እሁድ እሁድ መጥተው፣ ቆመው ዘምረውላት ይሄዳሉ። «እስቲ አንሶላውን በዚያ በኩል ያዙልኝ» ስላቸው፣ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ጸሎት ይጀምራል።

ትናንት ከአልጋ ሳነሳት ወለሉ አዳለጠኝና ሁለታችንም መሬት ላይ ቁጭ አልን። ሳቅን። ደንበኞቼ ደግሞ «ስፌትሽ ተጣመመ» እያሉ ያማርራሉ፤ የስፌት መኪናው አርጅቶ ነው። ጽሕፈቴም ቢንጋደድብህ ብርዱ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።

አሁን መርፌ ላይ ክር የምታስገባልኝ እማዬ ናት። የእሷ እጅ ደህና ነው። ክሩን አስገብታ ስታቀብለኝ እጄን አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ሌላ ስብከት እንዳትልክልን። ሁለት ክንድህን ይዘህ ና። የደካሞች አምላክ ሳይመሽ በሰላም ያምጣህ።

እህትህ