የአሮጌው ዊንዶውስ መልክ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

አሮጌውን ኮምፒውተር ተሸክሜ ዱባይ ተራ፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ ከድር ሱቅ ወሰድኩት። ከክረምት ወዲህ አልነሳ ብሏል። ባለቤቴ አልማዝ ከመሞቷ በፊት የጻፈቻቸው የእናቷ ተረቶች ያሉት እሱ ውስጥ ብቻ ነው። የጻፈችበት የአማርኛ ፕሮግራም ከአሮጌው ዊንዶውስ በቀር በሌላ አይሠራም።

«አያስቡ ጋሼ» አለ ከድር። «አሮጌው ዊንዶውስ ተመልሶ መጥቷል። ወጣቱ ሁሉ እሱን ጫንልን እያለ ነው፤ ፋሽን ሆኗል እኮ!»

«ያው ራሱ ነው?»

«ራሱ! እርስዎን እዋሻለሁ እንዴ?»

ከሰዓት በኋላ ስመለስ የአሮጌው ዊንዶውስ አረንጓዴ ጉብታና ሰማያዊ ሰማይ ስክሪኑ ላይ ነበሩ። የማስነሻው ድምፅም ያው ነው። የአልማዝን ፋይል ከፈትኩ። ከላይ እስከ ታች በየፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ብቻ።

ከድር ራሱን አከከ። «እውነቱን ልንገርዎ ጋሼ፤ ዋናው አሮጌው ዛሬ አይገኝም፤ ውስጡ አዲሱ ነው። መልኩን ነው ያለበስኩት። ሰው የሚፈልገው መልኩን ነዋ! እንዲህ ያለ ፋይል ይዞ የመጣ ከእርስዎ በቀር የለም።»

አልተቆጣሁም። ፋይሉ እንዳልተነካ አረጋግጬ ኮምፒውተሩን ወደ ቤት አመጣሁት።

አሁን ጠረጴዛው ላይ በርቷል። ሳጥኖቹን እያየሁ ነው። የመጀመሪያው ተረት ርዕስ ሦስት ሳጥን፣ ክፍተት፣ ከዚያ ሦስት ሳጥን ነው። «ጅብና አህያ» ይሆናል። «ጦጣና ነብር»ም ይገባበታል። ጽፋ እንደጨረሰች አንብባልኝ ነበር። የትኛው እንደነበር ግን…