ጋቢ የለበሰው ወይን

ለክብርት ባለቤቴ ለወይዘሮ የሺ፣

ከባድ ዜና ስላለኝ ተቀመጪ። ጠፍቶ የነበረው አንደኛው ቡናማ ካልሲዬ ከልብስ ማድረቂያው ጀርባ በሰላም ተገኝቷል። ለቤተሰቡና ለመላው የሮቢንስዴል ከተማ ሕዝብ እንኳን ደስ ያላችሁ።

የሺዬ፣ ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ነው። አንቺ በምትተኚበት በኩል አሁንም አልዞርም፤ ብርድ ልብስ እንደምትነጥቂኝ አውቃለሁ።

ልጃችን መዓዛ እሑድ እሑድ ከኤደን ፕሬሪ እየመጣች ጓሮውን በዓይኗ ትለካዋለች። የተከልሽው ወይን ዘንድሮ ካላቆጠቆጠ ተነቅሎ ሲሚንቶ ይፈስበትና መኪና ይቆምበታል ባይ ናት። «አባዬ፣ ሪያሊስቲክ እንሁን» ትለኛለች። አንቺ ሳለሽ በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሆነን አናውቅም አልኳት።

መስከረም ላይ እንዳንቺ በወይኑ ዙሪያ ስንዴ ዘራሁ። የዚህ የፈረንጅ አገር ስንዴ ብርድ ካልቀመሰ ፍሬ አይዝም ስትዪኝ እስቅብሽ ነበር። ይኸው ጣት የምታክል ቡቃያ ሆኖ በረዶ ሥር ሲገባ ቆሜ አየሁት። ወይኑንም ብርዱ እንዳይገድለው ከሚደገፍበት ሽቦ አውርጄ መሬት ላይ አጋደምኩት። አንቺ አፈርና ጭድ ብቻ ነበር የምታለብሺው። እኔ ግን አንጀቴ አልችል አለና መጀመሪያ በጋቢሽ ጠቀለልኩት። ባለውሻው ጎረቤታችን ከአጥሩ በላይ አይቶኝ ፊቱ አመድ መሰለ። በነጭ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ስቀብር ምን እንደምመስል ያኔ ገባኝ። «ሚስቴ ናት» አልኩት፣ ለቀልድ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለኝም።

ቀልዱን ጓሮው ሳይሰማው አልቀረም። ጥር ላይ፣ በረዶው ከጉልበቴ ሲያልፍ፣ ከወይኑ በላይ ያለው ብቻ ቀለጠ። የሰው ቁመት ያህል። ያንቺን ቁመት ያህል። ዙሪያውን አንድም ዱካ የለም። ውሻው እስከ አጥሩ መጣና ጭራውን ሸጉጦ ተመለሰ። በማግስቱ አዲስ በረዶ ሸፈነው፤ ምሳዬን በልቼ በመስኮት ሳይ ቦታው እንደገና ተከፍቷል። ዳር ዳሩ ያለው ስንዴ አረንጓዴ ነው፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተኝቷል፣ ሰው እንደተገላበጠበት አልጋ።

ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ። አንቺ ወይኑን ስትቀብሪ እንደምታናግሪው «በረደሽ እንዴ?» አልኩ። ነፋስ አልነበረም። ስንዴው ግን ተነቃነቀ።

ትናንት የመጨረሻው በረዶ ጠፋ። አፈሩን ገልጬ፣ ጋቢውን ፈትቼ፣ ግንዱን በጥፍሬ ጫር አደረግሁት፤ ከልጡ ሥር አረንጓዴ ነው። ለመዓዛ ደወልኩላት። «ኦኬ አባዬ፣ ይቆይ» አለች። ድምጿ ያንቺን ይመስል ነበር።

አልረሳሽም ብዬ ቃል ልግባ? አንቺ መቼ ለመረሳት ፈቃድ ሰጥተሽ ታውቂያለሽ! ግን ይሁን፣ እገባለሁ፤ ጉልበቴ እስከፈቀደ ድረስ በየዓመቱ አለብስሻለሁ።

መቼም ውሸቴን ከዓይኔ ላይ ታነቢው ነበር፤ አሁንም አያመልጥሽም። ውሻው እውነት ነው። የቀለጠው በረዶም፣ የተኛው ስንዴም እውነት ነው። ከራሴ የጨመርኩት የግንዱን አረንጓዴ ነው። ለመዓዛ ወይኑ በሕይወት አለ ብዬ ነገርኳት እንጂ አፈሩን ገና አልነካሁትም። ጋቢውን ስገልጠው ምን እንደማገኝ አላውቅማ፣ የሺዬ። ማንን እንደማገኝም።