«ወንድ ምሰል» ያልኩህ ቀን

ሰይዴ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር አለፈ። መቃብርህ ዘንድ እየመጣሁ ዱዓ አደርጋለሁ። ግን እዚያ ሰው አይጠፋምና የልቤን ሳልነግርህ እመለሳለሁ። ዛሬ ከሥራ ኦፍ ስለሆንኩ ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ አሰብኩ።

አስቀድሜ ስለ ቤታችን ልንገርህ። ልጃችን ሐያት መንጃ ፈቃድ አወጣች። ያንተን መኪና የምትነዳው እሷ ናት። መጀመሪያ ቀን ወንበሩን ወደ ፊት ስታስጠጋው አይቼ ፊቴን አዞርኩ። እኔ ዎርዝንግተን ሰፈር ያለውን የቢሮ ጽዳት ወደ ጠዋት ሺፍት አዛወርኩት። ሶፋውን አውጥተን ጣልነው። አንተ እግርህን ዘርግተህ ጋደም የምትልበት በኩል ጎድጉዶ ስለቀረ ሐያት ማየት አቃታት።

የምጽፍልህ ግን ስለዚህ አይደለም። ስለ ጫማው ነው።

በኮሮናው ጊዜ የምትሠራበት የዕቃ ዌርሃውስ ሥራ በዝቶበት አሥር ሰዓት ቆመህ ትውል ነበር። ስኳሩ እግርህን ይዞት ስለነበር ስትመጣ ደረጃውን ግድግዳ ተደግፈህ ነው የምትወጣው። እንደ እሳት ይለበልበኛል ትለኝ ነበር። ሐኪሙ ሰፊና ለስላሳ ጫማ አድርግ ሲልህ ሞርስ ሮድ ሄደን ሦስት ሱቅ ዞርን። ባንተ ቁጥር ሰፊ ሆኖ የተገኘው አንድ ሮዝ ስኒከር ብቻ ነበር። እኔ ሌላ ቀን እንመለስ አልኩ። አንተ ግን አደረግከውና ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ተራመድክ። «ዘሃራ፣ እግር እንዳለኝ እንኳ ረሳሁት እኮ» ብለህ ሳቅክ። ቀለሙንም ወደድከው። ደሴ እናትህ ጓሮ የነበረው የኮክ አበባ ልክ ይህን ይመስል ነበር አልከኝ።

አንድ ወር ያህል ደስ ብሎህ ሠራህ። ሥራ ቦታ አንዳንዶቹ እንደሚቀልዱብህ ነግረኸኛል። አንተ አብረሃቸው ስቀህ ታልፍ ነበር። ደረጃውንም ሳትደገፍ መውጣት ጀመርክ።

ከዚያ ዒድ መጣ። ጋሃና ሰፈር፣ ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ይመር ቤት ተጠራን። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን። ምግብ ከመቅረቡ በፊት ጋሼ ይመር እንግዳ ሊቀበል ወጥቶ ሲመለስ አንዱን ጫማህን አንጠልጥሎ መጣ። «ይህን የሚያህል እግር ያላት ሴት ማን ናት?» ሲል ሰዉ ሁሉ አውካካ። አንተ ከተቀመጥክበት እጅህን አውጥተህ «የኔ ነው ጋሼ፣ ቀስ አድርገህ ያዘው» አልክ። ሳቁ ባሰ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «እናንተ ቤት አባወራው አንቺ ነሻ!» አለችኝ። ፊቴ ጋለ።

መኪና ውስጥ እንደገባን «ሰው ፊት አዋረድከኝ። እባክህ ወንድ ምሰል» አልኩህ። ሐያት ከኋላ ሆና «ማሚ፣ ከለር ብቻ እኮ ነው!» ስትል ዝም በይ አልኳት። አንተ ቤት እስክንደርስ መንገዱን ብቻ ታይ ነበር።

በማግስቱ ጠባቡን የድሮ ጥቁር ቡትስ አድርገህ ሥራ ሄድክ። እኔ ሮዙን ጫማ በፌስታል ቋጥሬ የልብስ መለገሻ ሳጥን ውስጥ ጣልኩት። ከሳምንት በኋላ የት እንደሄደ ስትጠይቀኝ «ለሚያስፈልገው ሰው ሰጠሁት» አልኩህ። «እሺ» ብቻ አልክ። ሰይዴ፣ ካንተ በላይ የሚያስፈልገው ማን ነበር?

ከዚያ ወዲህ እግሬ ለበለበኝ ብለህ አታውቅም። እኔ ሞኟ ተሽሎህ መስሎኝ ነበር። ካልሲህን ራስህ ማጠብ ስትጀምር እንኳ አልነቃሁም። ቡትሱ እግርህን ማቁሰሉን የነገረኝ ሽታው ነው። ሆስፒታል ሐኪሟ ምን ዓይነት ጫማ እንደምታደርግ ስትጠይቅ ዓይንህ አንዴ ወደ እኔ መጣ። «የሥራ ጫማ» አልካት። መጀመሪያ ጣትህን ቆረጡ፣ ቀጥሎ እግርህን ከጉልበት በታች። በመጨረሻ ኢንፌክሽኑ ደምህ ውስጥ ገባ።

ባለፈው እሑድ ጋሼ ይመር ሊጠይቀን መጣ። ሻይ ይዞ ተቀምጦ ለሐያት ስላንተ ያጫውታታል። «አባትሽ ወንድ ነበር። እስከ መጨረሻው አመመኝ አላለም» አላት። ስምንት ወር ሙሉ ለቅሶ የመጣው ሁሉ እንዲህ ሲል አንገቴን ደፍቼ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ግን አልቻልኩም። መኪና ውስጥ ያልኩህንም፣ ጫማውን የት እንደጣልኩትም፣ ሁሉንም ነገርኩት። ጋሼ ይመር ሻዩን ሳይጨርስ አስቀመጠው። «ጀማሪው እኔ ነበርኩ» አለ። ጃኬቱን ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ኮል አላደረገልኝም፣ እኔም አልደወልኩለትም።

ሐያት ግን ትክ ብላ አየችኝ። ለካ ጫማው የት ሄደ ብላ ስትጠይቅህ ሥራ ቦታ ጠፋብኝ ብለሃት ነበር። ለልጃችንም ሸፍነህልኛል። «ጣልሽው? ለምን?» ብላ ክፍሏን ዘጋች። አሁንም ሥራ ታደርሰኛለች፣ መጥታም ትወስደኛለች፤ መንገዱን ሙሉ አናወራም። ይቅር በይኝ ልላት አፌን እከፍትና እተወዋለሁ። አስቀድሜ ይቅር በለኝ ማለት የነበረብኝ አንተን ነው፣ አንተ ደግሞ አትሰማኝም።

ያም ሆኖ አንድ ቃል እሰጥሃለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ሰው እንደሚመቸው አድርጎ አያስታውስህም። «ወንድ ነበር፣ አመመኝ አላለም» ብሎ የሚያመሰግንህ ሲመጣ አንገቴን አልደፋም። ያመው ነበር እላለሁ። ሲያመውም ይነግረኝ ነበር፣ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ እላለሁ።

አላህ ይዘንልህ።

ሚስትህ ዘሃራ